"በሰማይ ታላቅ ምልክት ታየ" ሲባል፦ ዞዲያክ፣ ከዋክብትና ቅዱሳት መጻሕፍት የት ላይ ይገናኛሉ?

ግርዶሽ በመጣ ቁጥር፣ ሁለት ፕላኔቶች ተጠጋግተው በታዩ ቁጥር በቴሌግራምና በዩቲዩብ ተመሳሳይ መልእክት ይዞራል፦ "ዮሐንስ በራእዩ ያየው ምልክት ታየ"፣ "የቤተ ልሔም ኮከብ ተመለሰ"፣ "ግርዶሹ በፋሲካ የዋለው እንዲሁ አይደለም"። እነዚህን መልእክቶች በደፈናው ውሸት ብሎ ማለፍ አይቻልም። ቀኑ ብዙ ጊዜ ትክክል ነው፤ ፕላኔቱም በተባለው ቦታ ይገኛል። ስሕተቱ የሚገባው ያ መረጃ ከጥቅስ ጋር ሲያያዝ ነው። ለዚህም መጀመሪያ ቃላቱን ለይቶ ማወቅ ይጠቅማል።

ሥነ ፈለክ፣ ዞዲያክና ኮከብ ቆጠራ ምንና ምን ናቸው?

ሥነ ፈለክ የሰማይ አካላትን ተፈጥሮና እንቅስቃሴ የሚመረምር ሳይንስ ነው። ኮከብ ቆጠራ ከዚያ እንቅስቃሴ ተነሥቶ የሰውን ዕጣ ወይም መጪውን ዘመን እናገራለሁ ይላል። ዞዲያክ ደግሞ ሁለቱም የሚጠቀሙበት መለኪያ ነው። ፀሐይ በዓመት ውስጥ በከዋክብት መካከል የምትዞርበት አንድ መንገድ አለ፤ ጨረቃና ፕላኔቶችም ከዚያ መንገድ ብዙ አይርቁም። ባቢሎናውያን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ ይህን ክብ እያንዳንዳቸው 30 ዲግሪ በሆኑ 12 እኩል ክፍሎች ከፈሉት። በእኛ ዘንድ ሐመል፣ ሠውር፣ ገውዝ፣ ሸርጣን፣ አሰድ፣ ሰንቡላ፣ ሚዛን፣ አቅራብ፣ ቀውስ፣ ጀዲ፣ ደለዊና ሑት የሚባሉት እነዚሁ ናቸው፤ ስሞቹ በዐረብኛ በኩል የመጡ ናቸው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። "ሐመል" ሲባል ሁለት የተለያዩ ነገሮች ማለት ሊሆን ይችላል። አንደኛው በሰማይ ላይ የሚታየው ኅብረ ኮከብ ነው። ሁለተኛው 30 ዲግሪ የሆነው የመለኪያ ክፍል፣ ማለትም ምልክቱ ነው። ምልክቱ የሚቆጠረው መጋቢት ላይ ቀንና ሌሊት እኩል ከሚሆኑበት ነጥብ ነው። የምድር ዛቢያ ቀስ እያለ ስለሚዞር ግን ይህ ነጥብ በ72 ዓመት አንድ ዲግሪ ያህል ይንሸራተታል፤ ሙሉ ዙሩን ለመጨረስ 26,000 ዓመት ገደማ ይፈጅበታል። ሁለቱ አቆጣጠሮች ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት ይቀራረቡ ነበር፤ ዛሬ ግን አንድ ምልክት ሊሞላ እስኪቀርብ ተራርቀዋል። ያው ጠዋት እኛ ሦስት ሰዓት የምንለውን ውጭ አገር ያለ ዘመዳችን ዘጠኝ ሰዓት ይለዋል። ሰዓቱ አንድ ነው፤ ቆጠራው የተነሣበት ቦታ ግን ይለያያል። ኮከብ ቆጣሪው "ፀሐይ ሐመል ገባች" በሚልበት በመጋቢት አጋማሽ ላይ ፀሐይ በሰማይ ላይ ያለችው ሑት ውስጥ ነው። ወደ ሐመል ኅብረ ኮከብ የምትገባው ሚያዝያ 10 ገደማ ነው።

ኅብረ ኮከቦቹ ራሳቸው እኩል አይደሉም። ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ማኅበር በ1930 እ.ኤ.አ. ሰማይን በ88 ክልሎች ሲያካልል፣ ፀሐይ በሰንቡላ ክልል ውስጥ 45 ቀን ያህል፣ በአቅራብ ውስጥ ግን አንድ ሳምንት ብቻ የምትቆይ ሆነች። በአቅራብና በቀውስ መካከልም እባብ ያዡ የሚባል 13ኛ ክልል ታቋርጣለች። ስለዚህ "ፕላኔቱ ሰንቡላ ውስጥ ነው" ሲባል መጀመሪያ የትኛው ሰንቡላ እንደሆነ መጠየቅ ያስፈልጋል።

መጽሐፍ ቅዱስ ራሱ ዞዲያክን ያውቃል?

ከዋክብትን በሚገባ ያውቃል። ኢዮብ (9፥9፤ 38፥31-32) እና አሞጽ (5፥8) ኦሪዮንን፣ ሰባቱን ከዋክብትና ድብን በስም ይጠራሉ፤ ሁሉም ጥቅሶች የሚያወሱት ፈጣሪን ነው። በኢዮብ 38፥32 የተጠቀሱት "ማዛሮት" ስለ 12ቱ የዞዲያክ ምልክቶች ይሁኑ ስለ ሌላ ኅብረ ኮከብ ሊቃውንት እስከ ዛሬ አልተስማሙም። ዘፍጥረት 1፥14 ለብርሃናቱ ሥራ ይሰጣል፦ ለምልክት፣ ለዘመን፣ ለዕለትና ለዓመት። ዘዳግም 4፥19 እንዳይመለኩ ይከለክላል። በ2ኛ ነገሥት 23፥5 ንጉሥ ኢዮስያስ ለፀሐይ፣ ለጨረቃና ለከዋክብት የሚያጥኑትን ካህናት ያስወግዳል። ኢሳይያስ 47፥13 በባቢሎን ኮከብ ቆጣሪዎች ላይ ይሣለቃል።

ይሁን እንጂ አይሁድ ዞዲያክን ፈጽሞ አልነኩም ማለት አይቻልም። የ1ኛው ክፍለ ዘመኑ ታሪክ ጸሐፊ ፍላቪየስ ዮሴፍ (ዮሴፍ ወልደ ኮርዮን የሚባለው አይደለም) በሊቀ ካህናቱ ልብስ ላይ ያሉትን 12 ዕንቁዎች ከ12ቱ ወራት ወይም ከ12ቱ ምልክቶች ጋር አያይዟቸዋል። በእስራኤል ቤት አልፋ በሚባል ስፍራ ያለው የ6ኛው ክፍለ ዘመን ምኵራብ ወለል ላይ በጠጠር የተሠራ ሙሉ ዞዲያክ አለ፤ መካከሉ ላይ ፀሐይ በአራት ፈረስ ሠረገላ ተቀምጣለች፣ ዙሪያዋን 12ቱ ምልክቶች ከነዕብራይስጥ ስማቸው ተደርድረዋል፣ ማዕዘኖቹን አራቱ ወቅቶች ይዘዋል። ልብ ብሎ ላየው ግን ወቅቶቹ ከምልክቶቹ ጋር አልተገጣጠሙም። ሠሪዎቹ ሥዕሉን ሲደረድሩ ሰማዩን ቀና ብለው ያዩ አይመስልም።

መጽሐፈ ሄኖክስ ምን ይላል?

ስለ ሰማይ አካሄድ በስፋት የሚናገረው ቅዱስ መጽሐፍ ይህ ነው። ሙሉ ቅጂው የተረፈውም በግእዝ ብቻ ነው። ምሁራን ምዕራፍ 72-82 ብለው የሚቆጥሩት ክፍል (የአማርኛ ኅትመቶች አከፋፈል ሊለይ ይችላል) ሙሉ በሙሉ ስለ ፀሐይ፣ ጨረቃና ከዋክብት ነው። የዚህ ክፍል የአራማይክ ቁርጥራጮች በሙት ባሕር አጠገብ ባለው በቁምራን ዋሻ ተገኝተዋል።

መልአኩ ዑራኤል ለሄኖክ የሚያሳየው በምሥራቅ ስድስት፣ በምዕራብ ስድስት ደጆችን ነው። ድምሩ 12 ስለሆነ ብዙ ሰው "እነዚህ 12ቱ የዞዲያክ ምልክቶች ናቸው" ይላል፤ አይደሉም። ደጆቹ ያሉት በአድማስ ላይ ነው፤ ፀሐይ በየወቅቱ የምትወጣበትንና የምትጠልቅበትን ቦታ ያሳያሉ። በአዲስ አበባ ከፍታ ያለ ቤት ውስጥ ሆኖ ዓመቱን ሙሉ የፀሐይ መውጫን ለሚከታተል ሰው ነገሩ ግልጽ ነው፦ መውጫዋ በሰኔ ከትክክለኛው ምሥራቅ ወደ ሰሜን 24 ዲግሪ ገደማ ይሄዳል፣ በታኅሣሥ ያንኑ ያህል ወደ ደቡብ ይመለሳል። ያንን 48 ዲግሪ ያህል ስፋት ስድስት ቦታ ከፍለን እያንዳንዱን ደጅ ብንለው የሄኖክ ሥርዓት ይሆናል። ፀሐይ በእያንዳንዱ ደጅ 30 ቀን ትቆያለች፣ ስትሄድ አንዴ ስትመለስ አንዴ ታልፍበታለች፤ 12 ወር ሆነ፣ 360 ቀን ሆነ። በየሦስት ወሩ አንድ ቀን ሲጨመር 364 ይሞላል። 364 ደግሞ ልክ 52 ሳምንት ነው፤ በዓላት በየዓመቱ በዚያው የሳምንት ቀን ይውላሉ።

ሥርዓቱ ሁለት ቦታ ላይ ከሰማይ ጋር አይገጥምም። እውነተኛው ዓመት 365 ቀን ከሩብ ገደማ ስለሆነ፣ ማስተካከያ ካልተደረገ በ24 ዓመት ውስጥ አንድ ወር ያህል ልዩነት ይፈጠራል። ሁለተኛው የቀን ርዝመት ነው። ሄኖክ ዕለቱን በ18 ክፍል ይከፍልና ረጅሙ ቀን 12 ክፍል፣ ሌሊቱ 6 ክፍል ነው ይላል፤ ቀኑ የሌሊቱ እጥፍ ሆነ ማለት ነው። በኢየሩሳሌም ረጅሙ ቀን 14 ሰዓት ያህል ነው፤ በአዲስ አበባ ከ12 ሰዓት ተኩል ትንሽ ቢያልፍ ነው። ሁለት ለአንድ የሚለው ምጣኔ በጥንታውያን የባቢሎን የሥነ ፈለክ ጽላቶች ላይም ይገኛል፤ ከዚያ ወገን የመጣ ዕውቀት መሆኑን ያመለክታል።

ከቁጥሩ ይልቅ የሚደንቀው ግን ይኸው መጽሐፍ ሰማይን የማወቅ ሁለት መንገዶችን ለይቶ ማስቀመጡ ነው። የቀን አቆጣጠሩን የሚያስተምረው ዑራኤል ነው። ኮከብ ቆጠራን ለሰው ያስተማሩት ደግሞ ከወደቁት መላእክት መካከል የሆኑ ናቸው። መጽሐፈ ኩፋሌም ይህንኑ በአብርሃም ላይ ያሳያል፦ የዓመቱን ዝናብ ለማወቅ ሌሊት ቁጭ ብሎ ከዋክብትን ሲመለከት፣ ሁሉ በእግዚአብሔር እጅ ከሆነ ለምን እመረምራለሁ ብሎ ይተወዋል።

ታዲያ ሰማይና ጥቅስ በእውነት የሚገናኙት የት ነው?

በበዓላት ቀመር ላይ። ፋሲካ በኦሪት በመጀመሪያው ወር 14ኛ ቀን ነው፣ ይህም በጨረቃ ይቆጠራል። ትንሣኤን ለማግኘት የጨረቃንና የፀሐይን ዓመት ማስታረቅ ያስፈልጋል። ባሕረ ሐሳብ የሚሠራው ይህን ነው፣ ዞዲያክ የሚባል ነገርም አይገባበትም። የ2018 ዓ.ም. ስሌት ይኸውና።

2018 ላይ 5500 ሲደመር 7518 ዓመተ ዓለም ይሆናል። ለ19 ሲካፈል 395 ደርሶ 13 ይቀራል፤ ይህ መደብ ነው። አንድ ሲቀነስ ወንበር 12 ይሆናል። ወንበር በ11 ሲባዛ 132፣ በ30 ሲገደፍ (ተካፍሎ ቀሪው ሲያዝ) አበቅቴ 12። ወንበር በ19 ሲባዛ 228፣ በ30 ሲገደፍ መጥቅዕ 18። አበቅቴና መጥቅዕ ሲደመሩ 30 መሆን አለባቸው፤ ካልሆኑ ብዙውን ጊዜ የተረሳው ያቺ አንድ መቀነስ ናት። መጥቅዕ ከ14 በላይ ስለሆነ በዓለ መጥቅዕ በመስከረም 18 ይውላል፤ ዕለቱ እሑድ፣ የእሑድ ተውሳክ (ለዕለቱ የሚጨመረው ቁጥር) ደግሞ 7 ነው። 18 እና 7 ሲደመሩ መባጃ ሐመር 25፤ ጾመ ነነዌ ሰኞ ጥር 25። የትንሣኤ ተውሳክ 9 ሲጨመር 34፣ 30 ሲወጣለት 4፤ ትንሣኤ ሚያዝያ 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ይሆናል።

19 የተመረጠው እንዲሁ አይደለም። 19 የፀሐይ ዓመት 235 የጨረቃ ወር ያህላል። ያህላል እንጂ አይተካከልም፤ ጥቂት ሰዓታት የሆነው ልዩነት ለዘመናት ተጠራቅሞ ዛሬ የቀመሩ ሙሉ ጨረቃ ከእውነተኛው ከአራት እስከ አምስት ቀን ዘግይቶ ይመጣል።

ዐውደ ነገሥት የሚባለው የኮከብ መቁጠሪያ መጽሐፍ ከዚህ የተለየ ነው። በእሱ "ኮከብ" የሚገኘው የሰውየውና የእናቱ ስም ፊደላት በቁጥር ተደምረው በ12 ሲገደፉ ነው። የተወለደበት ቀን አይጠየቅም፣ ሰማይም አይታይም። ከ12ቱ ምልክቶች የወሰደው ስማቸውን ብቻ ነው።

የራእይ 12 ምልክት መስከረም 13 ቀን 2010 ዓ.ም. ታይቶ ነበር?

ራእይ 12፥1 ፀሐይን የተጎናጸፈች፣ ጨረቃ ከእግሯ በታች ያላት፣ በራሷ ላይ የ12 ከዋክብት አክሊል የደፋች ሴት ይጠቅሳል። በ2017 እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 23 ቀን ይህ በሰማይ ተፈጸመ የሚል ወሬ ዓለምን ዞረ። ክርክሩ እንዲህ ነበር፦ ፀሐይ ሰንቡላ (ድንግል) ውስጥ ናት፤ ጨረቃ በእግሯ በኩል ናት፤ ጁፒተር በማኅፀኗ ቆይቶ ይወጣል፤ ከራሷ በላይ ያለው አሰድ 9 ኮከብ ሲሆን ሜርኩሪ፣ ማርስና ቬኑስ ሲጨመሩ 12 ይሆናል።

እያንዳንዱን ለብቻው እንመልከት። ፀሐይ በየዓመቱ ከመስከረም መጀመሪያ እስከ ጥቅምት 20 ገደማ ሰንቡላ ውስጥ ናት። ጨረቃ ሰማይን በ27 ቀን ከ8 ሰዓት ገደማ ስለምትዞር፣ በዚያ ጊዜ ውስጥ አንዴ ወይም ሁለቴ በሰንቡላ እግር በኩል ማለፏ አይቀርም። ሁለቱ ምልክቶች በየዓመቱ አሉ ማለት ነው። ጁፒተር በ12 ዓመት ገደማ ተመልሶ ሰንቡላ ይገባል፤ በ1993 እና በ2005 እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበርም እዚያው ነበር። ሜርኩሪና ቬኑስ ከፀሐይ ርቀው ስለማይሄዱ በመስከረም አሰድ አካባቢ ቢገኙ የሚጠበቅ ነው። የቀረው ማርስ ነው፤ ቅንጅቱን ብርቅ የሚያደርገው እሱ ነው። በቫቲካን የሥነ ፈለክ ተቋም ድረ ገጽ ላይ የጻፈው ክሪስቶፈር ግሬኒ ወደ ኋላ አስልቶ ተመሳሳይ ቅንጅት በ1827፣ በ1483፣ በ1293 እና በ1056 እ.ኤ.አ. እንደነበረ አሳይቷል።

የ9ኙ ኮከብ ነገር ደግሞ ጭራሽ አያስኬድም። አሰድ በጨለማ ሰማይ ላይ በዓይን የሚታዩ በርካታ ከዋክብት አሉት፤ 9 የሚሆኑት ሥዕሉን ለመሳል ከተመረጡት ብቻ ሲቆጠር ነው። "ማኅፀን" የሚባለው ክልልም በየትኛውም የሰማይ ካርታ ላይ የለም፤ የጁፒተር ቆይታ ዘጠኝ ወር እንዲሞላ ድንበሩን ያሰመረው ተናጋሪው ነው።

ከሁሉ በላይ ደግሞ ፀሐይ ሰንቡላ ውስጥ ካለች ሰንቡላ አትታይም። ከፀሐይ ጋር ወጥታ ከፀሐይ ጋር ትጠልቃለች። በዚያ ቀን ሰው በዓይኑ ሊያይ የሚችለው ጀምበር ከጠለቀች በኋላ በምዕራብ በኩል ዝቅ ብለው የቆዩትን የሦስት ቀን ጨረቃና ጁፒተርን ነው፤ የአሰዶቹ ፕላኔቶች የወጡት ጎሕ ሲቀድ ነው። ሙሉው ሥዕል የነበረው በኮምፒውተር ስክሪን ላይ ብቻ ነው። ፀሐይ፣ ጨረቃና ከዋክብት በአንድነት የሚጠቀሱበትን ቦታ ለሚፈልግ ደግሞ ዘፍጥረት 37፥9 ቅርብ ነው፤ የዮሴፍ ሕልም ነው፣ ትርጉሙም ቤተ ሰቡ ነበር።

የቤተ ልሔም ኮከብ ምን ነበር?

ታኅሣሥ 12 ቀን 2013 ዓ.ም. ጁፒተርና ሳተርን የዲግሪ አንድ አሥረኛ በሚያህል ርቀት ተጠጋግተው ሲታዩ ይህ ጥያቄ ተነሥቶ ነበር። ሐሳቡ የቆየ ነው። ጀርመናዊው የሥነ ፈለክ ሊቅ ኬፕለር በ1603 እ.ኤ.አ. መጨረሻ የሁለቱን መጠጋጋት፣ በ1604 ደግሞ አዲስ ኮከብ ሲፈነዳ አየ፤ ወደ ኋላ ሲያሰላም በ7 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ (ቅ.ል.ክ.) ሁለቱ ፕላኔቶች በሑት ውስጥ ሦስት ጊዜ እንደተጠጋጉ አገኘ። ስሌቱ ትክክል ነው። ነገር ግን ያኔ በመካከላቸው የነበረው ርቀት አንድ ዲግሪ ያህል፣ ማለትም የጨረቃን ስፋት ሁለት እጥፍ ነበር፤ አንድ ኮከብ መስለው አልታዩም። በ2 ቅ.ል.ክ. ቬኑስና ጁፒተር ሊነካኩ እስኪደርሱ ተቀራርበው ነበር፤ እዚያ ላይ ደግሞ የሄሮድስ ሞት ያስቸግራል፣ አብዛኞቹ ታሪክ ጸሐፊዎች በ4 ቅ.ል.ክ. ሞተ ይላሉና።

የሁሉም መላ ምቶች ፈተና ማቴዎስ 2፥9 ነው፦ ኮከቡ እየመራ ሄዶ ሕፃኑ ካለበት በላይ ቆመ። ማንኛውም ኮከብ ወይም ፕላኔት በሰዓት 15 ዲግሪ ወደ ምዕራብ ይሄዳል፤ ቤተ ልሔም ያለችው ግን ከኢየሩሳሌም ወደ ደቡብ 9 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ዮሐንስ አፈወርቅ ይህን በ4ኛው ክፍለ ዘመን አስተውሎታል። ከሰሜን ወደ ደቡብ መሄዱን፣ በቀን መታየቱን፣ መሰወርና መገለጡን፣ ቤቱን ለይቶ ለማሳየት ዝቅ ማለቱን ቆጥሮ ተራ ኮከብ አይደለም አለ። በእኔ እይታ የዘመናችን ተከራካሪዎች ከእሱ ጥያቄ አላመለጡም።

ግርዶሽ በፋሲካ መዋሉስ?

በ2014 እና በ2015 እ.ኤ.አ. አራት ሙሉ የጨረቃ ግርዶሾች ተከታትለው በአይሁድ ፋሲካና በዳስ በዓል ላይ ዋሉ፤ ጨረቃ ወደ ደም ትለወጣለች የሚለው ኢዩኤል 2፥31 ተጠቀሰ። የጨረቃ ግርዶሽ የሚሆነው በሙሉ ጨረቃ ብቻ ነው። ሁለቱ በዓላትም በወሩ አጋማሽ፣ በሙሉ ጨረቃ ይውላሉ፤ በመካከላቸው ስድስት የጨረቃ ወር አለ። ግርዶሾችም የሚደጋገሙት ብዙ ጊዜ በስድስት የጨረቃ ወር ልዩነት ነው። አንዱ በፋሲካ ከዋለ ቀጣዩ በዳስ በዓል ቢውል አያስገርምም። ከአራቱ ውስጥ ከኢየሩሳሌም የታየው የመጨረሻው ብቻ ነበር። እሱም በእኛ አቆጣጠር መስከረም 17 ቀን 2008፣ በመስቀል ዕለት ጎሕ ሲቀድ ነው።

መልእክት ሲደርሰን እንዴት እንፈትሸው?

ስቴላሪየም የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ይበቃል። ቦታውን ኢየሩሳሌም ወይም የምትኖሩበት ከተማ አድርጉ። የኅብረ ኮከብ ሥዕሉን አጥፉና የድንበር መስመሩን አብሩ፤ ሥዕሉ ዓይን ያታልላል። ከባቢ አየሩን አብርታችሁ ነገሩ በእርግጥ በዓይን ይታይ እንደነበር እዩ። ከዚያ ወሩን ሳትቀይሩ ዓመቱን ወደ ኋላና ወደ ፊት እስከ 12 ዓመት አንቀሳቅሱ፤ ተመሳሳይ ሥዕል ተደጋግሞ ከመጣ "ብርቅ" የተባለው ብርቅ አይደለም።

በቀን ላይ ሦስት ጥንቃቄዎች አሉ። ፕሮግራሙ ዜሮ ዓመትን ስለሚቆጥር 7 ቅ.ል.ክ.ን ለማየት የሚጻፈው -6 ነው፤ -7 የጻፈ ሰው ሌላ ዓመት ያያል። ከጥቅምት 1582 እ.ኤ.አ. በፊት ያሉት ቀኖች በጁሊያን አቆጣጠር ይሰጣሉ። ወደ እኛ ቀን ስትመልሱ ደግሞ መስከረም 1 ብዙ ጊዜ ሴፕቴምበር 11 ነው፤ ጳጉሜን 6 ከሆነች በኋላ በሚመጣው ዘመነ ዮሐንስ ግን 12 ላይ ይውላል፣ የአንድ ቀኑ ልዩነትም እስከ የካቲት ይዘልቃል። የ2008ቱ ግርዶሽ በአንዳንድ መልእክቶች ላይ መስከረም 18 ተብሎ ቢጻፍ ምክንያቱ ይህ ነው።